አበባ የተሰጠው ሰው

ነጅሙዲን አበባውን ቀጥፎ ላልሆነ ሰው ሰጠ።

ሙኒያ አየች። ፈገግታዋ ግን ከፊቷ አልጠፋም።

ሙኒያ የሽፋን ስሟ ነው። ለስለላው ክፍል «ሰሌን» ናት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ በባቡሩ ዘመን ተሠርቶ አሁን ለጎብኚ ክፍት በሆነ ሰፊ ቪላ፣ ጎብኚዎችን ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሥዕል አዳራሹ፣ ከዚያም ወደ ዕፅዋት ቦታው ማዞር ከጀመረች ከርማለች። የምትጠብቀው አንድ ሰው ነበር፤ «ቀማሚው» የተባለውን ቦምብ ሠሪ። መልኩን የሚያውቀው አትክልተኛው ነጅሙዲን ብቻ ነው፤ የአትክልቱን ማዳበሪያ ለቦምብ መሥሪያ ለእሱ ሲሸጥ ተደርሶበታል። እስር ፈርቶ ተስማማ። ቀማሚው ጎብኚ መስሎ ሲመጣ ቀይ አበባ በመስጠት ሊጠቁማቸው።

አሁን አበባውን የያዙት ጋሽ ሣህሉ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር። አዳራሹ ውስጥ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሥዕል በጣታቸው እያሳዩ፣ አባታቸው እዚያ ይሠሩ እንደነበር አጫውተዋታል።

ከኋላቸው ጦልሃ የሚባል ነጋዴ ቆሟል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የብራና መጽሐፍ ለመንካት ሁሉም ነጭ ጓንት ሲያጠልቁ፣ የእሱ ቀኝ ጓንት ሁለት ጣቶቹ ባዶ ሆነው ተንጠልጥለው ነበር። ቦምብ የቆረጣቸው ጣቶች ይሆናሉ ብላ ጠርጥራ ዝም ያለችው ምልክቱን እየጠበቀች ስለነበር ነው።

«ቀማሚው ጦልሃ ነው» አለች በሻርፗ ሥር ለተደበቀው ማይክሮፎን። «ነጅሙዲን ከድቶናል።»

በጆሮ ማዳመጫዋ የሚያነጋግራት አለቃዋ፣ ደላላው የሚሉት፣ አልደነገጠም።

«አውቃለሁ። የቀማሚው ሰዎች ሚስቱን ካውሰርን ይዘውበታል። አበባ የያዘውን ወደ በሩ አምጪው።»

«ምንም የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው።»

«ጦልሃ ሌላ ሰው በስህተት እንደያዝን ሲያይ ልቡ ይረጋጋል። መጋዘኑ ድረስ ይመራናል።»

ሙኒያ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች።

«ጋሼ፣ በሩ አጠገብ የሚያዩት ዛፍ አለ።»

«ተባረኪ ልጄ» አሏት፤ ተደገፏት።

በሩ ላይ ከመኪና የወረዱ የደላላው ታጣቂዎች «እጅ ወደ ላይ!» አሉ። ጋሽ ሣህሉ ግራ ገባቸው። መታወቂያቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

ሁለት ጥይት።

ክንዷ ላይ ተዘረሩ። ሙኒያ እንደ ማንኛዋም አስጎብኚ ጮኸች። ለሽፋኗ ይሁን ከልቧ፣ ራሷም አልለየችውም።

ጦልሃ በግርግሩ መሀል ወጥቶ ባጃጅ ያዘ። አንዴም ዞር ብሎ አላየም።

ከሰዓት በኋላ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ፣ ከአንድ ልብስ ሱቅ ጀርባ ባለ መጋዘን፣ ከነግብረ አበሮቹና ከነቦምቦቹ ተያዘ። ካውሰር እጇ እንደታሰረ በሕይወት ተገኘች። ለባሏ ግን ዕፅዋቱ መሀል ካቴና አጥልቀውለት ነበር።

ሙኒያ ለደላላው ደወለች።

«ለመምህሩ ቤተሰቦች ምን ይነገራቸዋል?»

«አሸባሪ ነበር ይባላል። ተሳሳትን ማለት አንችልም። ስልኩን ጣይና ጥፊ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ መጋላ ሰፈር የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ነበረች። ሬዲዮው በዜናው የጋሽ ሣህሉን ስም ጠራ፤ ሕዝብ ሊጨርስ የነበረ አሸባሪ ተገደለ አለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ገላገለን!» አለ ሾፌሩ። መልስ እየጠበቀ በመስታወቱ አያት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ወርዳ ወደ ጠባቡ መንገድ ታጠፈች። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውታል። ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ከመሀላቸው ገባች፤ ባጃጁ ሳይዞር ከዓይን ጠፋች።