ክሊፍ ዶድስ ሲጋራ ካቆመ ወዲህ

ክሊፍ ዶድስ የሞተው ሲጋራ ባቆመ በአምስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ቀን፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ ነው። አርባ አምስት ዓመት ሲያጨስ ኖሮ ምንም ያልሆነ ሰው፣ በእጁ የኤሌክትሪክ ሲጋራውን እንደጨበጠ ከወንበሩ ወደቀ። ሚስቱ ጭንቅላቱን ከወለሉ ሳታነሳ፣ እየተንፈራገጠ ነፍሱ ወጣች። ወሬው በመንደሩ በብላክሃው ሲዳረስ ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ አፈረ። «አላልኩም? ሰው የለመደውን ሲተው ነው የሚሞተው» አሉ መጠጥ ቤት የሚውሉት ጡረተኛ የከሰል ቆፋሪዎች። ይህን ብለው ወደ ደጅ ወጡና አንድ አንድ ለኮሱ።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ ግን የሚስቅ ጠፋ። ክሊፍን የገደለው ለሳንባው የሚወስደው ክኒን ነበር። በደሙ ውስጥ ሰው ከሚችለው በላይ ተገኝቷል። ክኒኑን ደግሞ ጠዋትና ማታ በእጇ የምትሰጠው ሚስቱ ግሌንዳ ናት። እንግዲህ ምን ቀረ? መንደሩ ፈርዶ ጨርሷል። ዳቦ ሻጩ እንኳ መልስ ሲሰጣት ፊቷን አላየም።

ኢንስፔክተር ኖራ ሂንድማርሽ ረቡዕ ጠዋት ከዶድሶች በር ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሴትየዋ ሰጠችው፣ ሰውየው ሞተ። አምጫትና እንክሰሳት።»

«እስከ ማታ ስጠኝ።»

«እስከ ማታ! ከዚያ በኋላ ራሴ መጥቼ ነው የምወስዳት።»

ሂንድማርሽ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ለነገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሰው ሲያወራ ጣልቃ አትገባም፤ ይህ ጠባይዋ ስንቱን ሌባ አስለፍልፏል። በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ከቤቱ ፊት የተተከለውን «የሚሸጥ ቤት» የሚል ሰሌዳ ቆማ አየችው።

ግሌንዳ ወጥ ቤት ተቀምጣ ነበር። የክሊፍ ወንበር እንደወደቀ ነው፤ የሚያነሳው አልተገኘም።

«ክኒኑን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ አልክድም» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ፋርማሲዋ የየቀኑን ለይታ፣ አሽጋ ትልክልኛለች። የዕለቱን ቀድጄ እሰጠዋለሁ። ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ፍሬ አልጨመርኩም፤ እግዜር ያየኛል።»

ሂንድማርሽ የክኒኑን ሳጥን አንስታ አገላበጠችው። ያለፉት ቀናት ባዶ ናቸው፣ የሚመጡት እንደታሸጉ ናቸው። የጎደለም የተረፈም የለም።

«ሲጋራውን እንዴት ሊተው ቻለ?»

«በስታን ነዋ፣ በወንድሙ። እዚሁ ከኛ ጋር ነው የሚኖረው። እሱ ወደ ኤሌክትሪኩ ከዞረ ሁለት ዓመቱ ነው። ለክሊፍም በልደቱ ቀን ገዝቶ ሰጠው። እኔማ በደስታ አለቀስኩ! ስንት ዘመን ለምኜው እምቢ ያለኝን ሰው!»

«ከዚያስ?»

«መጀመሪያ አፉ ደረቀ። ጉሮሮው ከረከረው፣ ራሱን አመመው፣ ጥቁር አክታ ሲያስል ያድር ነበር። ስታን ‹የቆየው ጥቀርሻ ነው የሚወጣው፣ ደግ ነው› አለን። እውነትም በሁለት ሳምንቱ ተሻለው። የምግብ ሽታ ገባው። ‹ግሌንዳ፣ ይሄ መረቅሽ እስከ ዛሬም እንዲህ ይጣፍጥ ነበር?› አለኝ።» ፈገግ ልትል ሞክራ ከንፈሯ እምቢ አላት። «ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞር አለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ስታን ‹እኔንም እንዲሁ አርጎኛል፣ ያልፋል። ሐኪም ጋ ከሄድክ ሲጋራህን መልሰህ ያዝ ነው የሚልህ› አለው። ክሊፍ ከኔ ይልቅ ወንድሙን ነው የሚሰማው።»

«ቤቱን ልትሸጡት ነበር?»

«ከባሕሩ አጠገብ ትንሽዬ ቤት አግኝተን። አየሩ ለደረቱ ይሻለዋል ብለን ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን አብረን ሄደን ስናያት ዋልን።»

«ይህ ቤት የማን ነው?»

«የክሊፍ። አባታቸው ለበኩሩ ነው የተወው። ለስታንም በአዲሱ ቤት ክፍል አለህ ብለነዋል። ጓሮ የሚያረባቸው ርግቦቹ ግን...» ብላ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየች።

ፋርማሲው ከመንገዱ ጥግ ነው። ባለቤቷ ኦድሪ ቴት ኢንስፔክተሯን ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«መጠኑ ሐኪሙ ያዘዘው ነው፤ ያሸግሁትም እኔው ነኝ። አዲስ ከማሸጌ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ደውዬ እጠይቃለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜም ቤታቸው ደውያለሁ። ‹አሁንም ታጨሳለህ?› ስለው ሳቀብኝ። ‹እንዴታ! ያችኑ በቀን አንድ ፓኮ› አለኝ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«ክሊፍ ነዋ! እያሳለ፣ ደረቱ እያፏጨ። ያንን ሳል እኔ አጥቼው?»

«ክሊፍ ያን ጊዜ ሲጋራ ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።»

ኦድሪ የያዘችውን ጠርሙስ አስቀመጠችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «አምላኬ! አቁሞ ነበር? ምነው አንድ ሰው ቢነግረኝ!» ከዚያም እያለቀሰች ብዙ ተናገረች። ሂንድማርሽ አንድም ቃል ሳታቋርጥ ሰምታ ስታበቃ፣

«ማታ ዶድሶች ቤት ይምጡ። እስከዚያ ይህን ለማንም እንዳይተነፍሱ» አለቻት።

ስታን ዶድስ ጓሮ፣ የርግብ ቤቱ ውስጥ ነበር። አንዲት ግራጫ ርግብ በመዳፉ ይዞ ክንፏን ዘርግቶ ያያል። በየመካከሉ የኤሌክትሪክ ሲጋራውን እየሳበ ናና ናና የሚሸት ተን ወደ ላይ ይለቃል።

«እመቤቴ፣ እባክዎ በሩን ይዝጉልኝ። ብርድ አይወዱልኝም።»

ሂንድማርሽ ዘጋችው። «ብዙ ዓመት ይዘዋቸዋል?»

«ያስጀመረን አባታችን ነው። የነዚህ እናቶች፣ የእናቶቻቸውም እናቶች እዚችው ጣሪያ ሥር ነው የተፈለፈሉት። ይቺን ፈረንሳይ አገር ወስጄ ብለቃት፣ ባሕር አቋርጣ መጥታ እዚች ጣውላ ላይ ነው የምታርፈው።»

«እንግዲህ ቤቱ ሲሸጥ ይዘዋቸው ይሄዳሉ።»

ስታን ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ ጎንበስ አደረገው። «ኧረ እርስዎ ርግብ አያውቁም! ያደገች ርግብ ቤት አትቀይርም። የትም ወስደው ቢለቋት ዞራ የተፈለፈለችበት ትመጣለች። ቤቱን የሚገዛው ሰው ደግሞ ይህን አፍርሶ መኪናውን ያቆምበታል። ቤቱን የሚለቅ ርግበኛ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው።» ሁለት ጣቱን በርግቧ አንገት ላይ አሳረፈና ቶሎ አነሳው።

«ለወንድምዎ ያንን የሰጡት እርስዎ ነዎት» አለች ሂንድማርሽ፣ ተኑን በአገጯ እያመለከተች።

«ታዲያ ጥፋት ነው? ሲጋራ ያስተወ ይመሰገናል እንጂ! የክኒኑን ነገር እንደሆነ ግሌንዳን ይጠይቋት። እኔ የማውቀው የርግብ ትል መድኃኒት ብቻ ነው።»

በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከእህል ቆርቆሮዎቹ መሐል፣ ከፋርማሲው የመጣ የታሸገ የክኒን ሳጥን ተቀምጧል። ሂንድማርሽ ጠጋ ብላ አነበበችው። የመድኃኒቱ ስም ያው የክሊፍ ነው፤ መጠኑ ግን በግማሽ ያንሳል።

«የእርስዎም ደረት እንደ ወንድምዎ ነው?»

«አንድ የከሰል ጉድጓድ ቆፍረን፣ አንድ አቧራ ስበን! ምን ይለየናል?»

አመስግናው ወጣች። በሩንም አጥብቃ ዘጋችው።

ሲመሻሽ ሁሉም ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ግሌንዳና ኦድሪ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ስታን መስኮቱን ተደግፎ ቆመ። አለቃው ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑን ከግሌንዳ አላነሳም።

«ከክኒኑ እንጀምር» አለች ሂንድማርሽ። «ክሊፍ ከታዘዘለት በላይ አልወሰደም፤ ሳጥኑ ይመሰክራል። ታዲያ ለዓመታት የዋጠው ክኒን በአምስት ሳምንት ውስጥ እንዴት መርዝ ሆነበት? ኦድሪ፣ ይንገሯቸው።»

«የሲጋራ ጭስ ጉበትን ያጣድፈዋል» አለች ኦድሪ። «ጉበት ይህን መድኃኒት ቶሎ ቶሎ እየፈጨ ያስወጣዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ለሚያጨስ ሰው ከፍ አድርጎ ያዛል። ሰውየው ሲጋራውን ሲተው ጉበቱ ይረጋጋል፣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። መጠኑ ካልተቀነሰለት መርዝ ይሆንበታል።»

«የኤሌክትሪኩም እኮ ኒኮቲን አለው» አለ አለቃው።

«ኒኮቲኑ አይደለም፣ ጌታዬ። ጉበቱን የሚያጣድፈው የሚቃጠለው የትምባሆ ጭስ ነው። በኤሌክትሪኩ የሚቃጠል ነገር የለም። ሲጋራውን መተዉ በጎ ነበር፤ መቶ ጊዜ በጎ። ለኔ ወይም ለሐኪሙ መንገር ብቻ ነበር የቀረው።»

«እንግዲህ ሕመሙን ለሁለት ክፈሉት» አለች ሂንድማርሽ። «የአፍ መድረቅ፣ የጉሮሮ መከርከር፣ ሳልና ራስ ምታት ሲጋራውን የለወጠ ሰው የሚያየው ነው። መጣ፣ ሄደ። መንቀጥቀጡ፣ ማስመለሱ፣ የልብ ምቱ ግን የክኒኑ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ‹ያልፋል› ያለው ማን ነው?»

ግሌንዳ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ስታን። «እኔንም እንዲያ አርጎኝ ነበር አልኩ እንጂ!»

«የያዝኩህ እዚያ ላይ ነው» አለች ሂንድማርሽ። «እርስዎ» ማለቷን በዚህ ቃል ተወች። «እውነት ነው፣ አንተንም አርጎህ ነበር። ላንተ ግን ዝም ብሎ አላለፈም፤ ሐኪም ነው ያሳለፈልህ። ክኒንህን በግማሽ ቀንሰውልሃል፣ መስኮትህ ላይ አይቼዋለሁ። ለምን እንደተቀነሰ የነገረህ የለም?»

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች ኦድሪ። «ሲጋራውን የተወ ሰሞን ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ሲወጣ ፊቴ አስቀምጬ አስረዳሁት።»

«ሰው ይረሳል!» ብሎ ጮኸ ስታን።

«ይረሳል» አለች ሂንድማርሽ። «ዝም ብለህ ቢሆን ኖሮ ረሳ ብዬ በተውኩህ። ኦድሪ የደወለች ቅዳሜ ግን ክሊፍና ግሌንዳ ቤት ሊያዩ ባሕሩ ዘንድ ሄደው ነበር። እዚህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ስልኩን ያነሳህ አንተ፣ ክሊፍ ነኝ ያልክ አንተ፣ በቀን አንድ ፓኮ አጨሳለሁ ያልክ አንተ! ወንድምህ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን እያየህ፣ ሊያድነው የሚችለውን ጥያቄ በሳቅ መለስከው።»

ስታን ያን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ወደ አፉ አነሳና ሳይስበው መልሶ አወረደው።

«ወንድሙን ሲጋራ ያስተወ ሰው ገዳይ ይባላል?» አለ። «የት አገር ነው እንዲህ የሚባለው?»

«እሱን ለዳኛው ትነግረዋለህ።»

«‹አንገታቸውን ጠምዝዛቸው› አለኝ!» ድንገት እንባው ዱብ ዱብ አለ። «እዚሁ ተቀምጦ፣ ሻዩን እየጠጣ! ‹ወፍ ናቸው እኮ፣ ስታን› አለኝ። እሱ ሚስት አለው፣ ቤት አለው። እኔስ? እኔ ከነሱ ሌላ ማን አለኝ? ‹እስከ ፋሲካ ጨርሳቸው› አለኝ እኮ!»

ያዘነለት አልነበረም። አለቃው ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያይ ነበር፤ ትናንት ግሌንዳን ሲያብጠለጥሉ የነበሩት ጭምር። አለቃው ከመኪናው ተመልሶ መጣና ካፖርቱን እየቆለፈ «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። የሰማችው አትመስልም።

ኦድሪም ሄደች። ሂንድማርሽ የወደቀውን ወንበር አቃንታ ከግሌንዳ አጠገብ ተቀመጠች።

«አበቃ፣ ወይዘሮ ዶድስ። ከእንግዲህ በእርስዎ ላይ ጣቱን የሚቀስር የለም።»

ግሌንዳ «እሑድ ጠዋት አንድ ሲጋራ ለመነኝ» አለች። «‹አንዲት ብቻ፣ ግሌንዳ፤ ይሄ ነገር አልሆነኝም፣ ሰውነቴ እምቢ ብሏል› አለኝ። ከልክዬ አይዞህ፣ በርታ አልኩት። ብሰጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«አንድ ሲጋራ አያተርፈውም ነበር» አለች ሂንድማርሽ። እውነቷን ነው።

«ሐኪም ቤት ብወስደውስ?»

ሂንድማርሽ ለዚህ ጥያቄ ውሸት ብታገኝ ደስ ባላት። አላገኘችም።

«ሐኪም ቤት እንሂድ ያልኩት እኮ አንዴ ብቻ ነው» አለች ግሌንዳ። «ስታን ሲጋራህን መልሰህ ያዝ ይሉሃል ሲለው፣ እኔም ያንን ፈራሁ። ከፈራሁ በኋላ ደግሜ አልጠየቅኩትም።»