የሟቹ ነጭ ቦት ጫማ

የዶሮ እርባታው ባለቤት በሥጋ ዶሮዎቹ ቤት ውስጥ፣ ከማራገቢያው ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። መሰላሉ ከጎኑ ወድቋል። የስምንት ቀን ጫጩቶች በእግሩ ሥር ይንጫጫሉ። ታናሽ ወንድሙ በር ላይ በካቴና ታስሯል፤ ትናንት ሲጣሉ ተሰምቷል፣ ፖሊሶቹ ደግሞ ነገር ማሳጠር ይወዳሉ።

መርማሪዋ ከሬሳው ወደ በሩ ትመላለሳለች። ጫጩቶቹን የሚያሳድጉት ሽማግሌ ሲያስገቧት በሽታ እንዳይገባ ጫማዋን በቤቱ ነጭ ቦት አስቀይረዋታል። በየደጁ ኖራ ስለሚነሰንሱ «ጋሽ ኖራ» ይሏቸዋል።

«ምን አጣላችሁ?» አለችው ወንድምየውን።

«ሦስት ሺህ ጫጩት እዚሁ ልጨምር አለ። በካሬ ሜትር አሥራ ስምንት ሊሆን ነው! አምና እንዲህ አጭቀናቸው በሽታ ግማሹን ፈጀው። አልሰማ ሲለኝ ትቼው ሄድኩ። ወንድሜን አልገደልኩም፣ እመኚኝ!»

በሩ ላይ ወደቆመችው የሟቹ ሚስት ዞረች። «ሲገባ ጫማ ይቀይር ነበር?»

«እሱ?» ሴትየዋ በእንባዋ መሃል ልትስቅ ምንም አልቀራት። «በሩ ላይ ያለውን የጫማ መንከሪያ መድኃኒት ገንዳ እንኳ ዘሎ ነው የሚያልፈው። ‹በገዛ ቤቴ!› ይላል። ከጋሽ ኖራ ጋር በዚሁ ሆድና ጀርባ ናቸው።»

መርማሪዋ ከመጣች ወዲህ ገና አሁን ቆመች። ሁሉንም በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ ከሥሩ ያለው ሰጋቱራ ግን ደም አልነካውም። ስለዚህ የሞተው ሌላ ቦታ ነው። እግሩን እዩት፤ የዚህ ቤት ነጭ ቦት ጫማ። በሕይወት እያለ አልቀይርም ያለ ሰው ሞቶ ቀየረ? ሌላ ሰው ነው የቀየረለት። ፖሊሶቹ እንደነገሩኝ፣ ወንድሙና ሚስቱ ዛሬ ጠዋት ሬሳውን ሲያዩ በውጭ ጫማቸው ዘለው ገብተዋል። ዱካቸው ላይ መድኃኒት እየረጩ የተከተሏቸው ማን ናቸው?»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አስቤ አልነበረም» አሉ ጋሽ ኖራ። «ጫጩት ጨምር ሲለኝ እምቢ አልኩ። የመኖ መጋዘኑ ደረጃ ላይ ወደቀ። ከመሰላል የወደቀ እንዲመስል በጋሪ አመጣሁት።»

«ጫማውንስ?»

ገርሟቸው አዩዋት። «ልጄ፣ የስምንት ቀን ነፍሶች እኮ ናቸው! በዚያ በውጭ ጫማ አስገብቼ በበሽታ ልጨርሳቸው?»

መርማሪዋ አዘነችላቸው፤ ቁጣዋ ግን በለጠ። «ለጫጩት እንዲህ የሚሳሱ ሰው፣ ይሄ ልጅ በእርስዎ ጥፋት ሲታሰር ቆመው አዩ።»

ሽማግሌው ወንድምየውን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው፣ ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።