ዘጠና ሰባተኛው ረድፍ

ያን ዓመት ብርዱ ከወትሮው አንድ ወር ቀድሞ ገባ። የክር ፋብሪካው ተዘጋ። ከሰል ተወደደ፣ ቀጥሎም ጠፋ። ሳል የያዛቸው ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ተሰናበቱ። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በዓሉን መጠበቅ ያዘ። በዓሉ ግን ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

የዳንቴል አስተማሪዋ ያን ጊዜ ነው ለታናሽ እህቷና ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊዋ ሐሳብ ያመጣችው።

«ትልቅ ሥራ እንያዝ። ትንሹ ቶሎ ያልቅና መልሶ ለጭንቀት ይሰጠናል። እያንዳንዳችን አልጋ የሚያለብስ ብርድ ልብስ በኪሮሽ እንሥራ። ለበዓሉ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ይሰቀልልናል። እስከዚያው ቀስ እያልን እንዝናናበታለን።»

አልተዝናኑበትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአስተማሪዋ ክፍል ይሰበሰባሉ። አንዷ ሥራዋን ስትዘረጋ ሁለቱ ረድፉን በጣታቸው እየነኩ፣ ድምፃቸውን እያሰሙ ይቆጥሩላታል። ነገሩ በሳቅ ነበር የተጀመረው። ውሎ ሲያድር ግን እያንዳንዷ ከራሷ ይልቅ የሌላዋን ረድፍ አጥብቃ ታውቅ ጀመር።

በሰባተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ታናሽ እህቷ ተመልሳ ብትመጣ አስተማሪዋን ወንበሯ ላይ ሞታ አገኘቻት። ብርድ ልብሱ ጭኗ ላይ ነበር።

መርማሪው እሑድ ጠዋት ተጠራ። ጡረታ ሊወጣ የወራት ዕድሜ የቀረው ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ «አይቸኩሌ» ይሉታል። ስሙ ሲወጣለት ለስድብ ነበር፤ እሱ ግን ወደደው።

«ጋሼ፣ ይሄ እንኳን ያለቀለት ነገር ነው» አለው ምክትሉ። «በትራስ ታፍና ነው። ሐኪሙ የእንጨት ምድጃው ክፍሉን ስላሞቀው ሰዓቱን መናገር አልችልም አለ። ሰዓቱን የነገረን ብርድ ልብሱ ነው።»

«ብርድ ልብስም መናገር ጀመረ?»

«አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሲቆጥሩት ዘጠና ስድስት ረድፍ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ሴቶቹ ሄዱ። እሷ ጣቷን ስለሚያማት አንድ ረድፍ ድፍን አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። አሁን ያለው ዘጠና ሰባት ተኩል ነው። ስለዚህ ከስድስት ሰዓት ተኩል አላለፈችም።»

«እስከዚያ ማን ነበር አብሯት?»

«አብራት የምትኖረው የወንድሟ ልጅ። ልክ ስድስት ተኩል ላይ ወጥታ መድኃኒት ቤት ሥራዋን ገባች። እህትየውና ልብስ ሰፊዋ እስከ ስምንት ሰዓት አብረው ክር ሲገዙ ነበር፤ ባለሱቁ መስክሯል። ልጅቷን ይዘናታል። ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

አይቸኩሌ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከና የክሩን ቅርጫት ጎተተ። ሁለቱ ተጠቅልለው የተቀመጡ ድውር ክሮች እንደ ዳቦ ልስልስ ያሉ ነበሩ። ጫፋቸው ከመሃል፣ ከተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ ይወጣል። ሦስተኛው፣ ከብርድ ልብሱ ጋር የተያያዘው፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። አንድ ክንድ ያህል ሳብ አደረገለት። ክሩ ቀጥ አላለም፤ እንደ ተፈታ ሹሩባ ተጥመለመለ።

እናቱ ሹራብ ሠርታ ነበር ያሳደገችው። ልጅ ሳለ ሁለት እጁን ዘርግቶ ክር ይይዝላት ነበር፤ የሰለቸው ዕለት በኩርኩም ትቀሰቅሰዋለች።

«ቅርጫቱን ማንም እንዳይነካው» አለና ወጣ።

ልጅቷ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«ከአክስትሽ ጋር ትጣሉ ነበር አሉኝ።»

«በየቀኑ። ጋሼ፣ ያን ብርድ ልብስ ከእኔ አብልጣ ትወደው ነበር። ትኩሳት ይዞኝ ውሃ ስጪኝ ብላት ረድፏን ጨርሳ ነው የተነሳችው። ብርድ ልብስ ላይ ቀናሁ። ያሳፍራል አይደል?»

«ከዚህ የባሰ ቅናት አይቻለሁ። ስትወጪ ምን እያደረገች ነበር?»

«እየሠራች። ‹ምድጃው ያፍነኛል፣ በሩን ገርበብ አድርጊው› አለችኝ። እንደዚያው ትቼው ሄድኩ።»

«ጠዋት ሴቶቹ ምን ሲያወሩ ነበር?»

«አክስቴ ድንገት ‹ለበዓሉ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ እናገራለሁ። ይሄ የአበባ ንድፍ የእኔ አይደለም፣ የእህቴ ነው› አለች። የሁሉም ኪሮሽ ቆመ።»

ታናሽ እህት ቤቷን ከፈተችለት፤ ወንበር ግን አልሳበችለትም።

«ሃያ ሁለት ዓመት!» አለች። «እናታችን ታማ ሳስታምም አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ ነው ያን ንድፍ ያወጣሁት። እትዬ ወስዳ ለውድድር አቀረበችው። ተሸለመች። ከዚያ ወዲህ እሷ አስተማሪ፣ እኔ የአስተማሪዋ እህት።»

«ቀንተውባታል?»

«እንዴታ! ቀንቼ ነው ያረጀሁት። ደግሞ እግዜር ያሳይዎ፣ እውነቱን እናገራለሁ ባለችኝ ቀን ሞተችብኝ። አዳራሽ ውስጥ ሳትናገርልኝ ማን ያምነኛል? ሌባ ነው የሚሉኝ።»

«ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ ቤቴ፣ ብቻዬን። ምስክር ካሉኝ ድመቷ አለችልዎ። እሷም ተኝታ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋን ሱቋ ውስጥ አገኛት። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው፤ በአፏ ስፒል ይዛ ነበር የምታናግረው።

«እትዬ እናቴ ማለት ናት። ሃያ ዓመት እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ተማርኩ። ‹ከእኔ በኋላ ትምህርቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ› ትለኝ ነበር።»

«ንድፉ የእህቴ ነው ስትል ምን አሉ?»

«ደስ አለኝ። ለምን ይከፋኛል?» ይህን ስትል በእጇ የያዘችው ክር ጥርቅ ብሎ ተበጠሰ። «ይልቅ ያቺን ልጅ ይጠይቁ። አክስቷን አንድ ቀን በፍቅር ዓይን ያየቻት አይመስለኝም።»

«ቅዳሜ ከሰዓትስ?»

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ። ደንበኛ ሲገባ ሲወጣ።»

አይቸኩሌ ወጥቶ ከሱቁ ጎን የተቀመጠውን ጫማ ጠጋኝ ሰላም አለው። ተረከዙን እያስመታ ስለ ብርዱ አወሩ። ሰውዬው ሳይጠየቅ ቅሬታውን አወጣ፦ «ጎረቤቴ ቅዳሜ ጫማዋን በዘጠኝ ተኩል አድርስልኝ አለችና ብሄድ ቆልፋ ጠፍታለች። አሥር ሰዓት አልፎ መጣች። ሒሳቤን ሰጥታኝ ይቅርታ እንኳ ሳትለኝ ገባች።»

ሰኞ ጠዋት ሁሉም በአስተማሪዋ ክፍል ተሰበሰቡ። ልጅቷን ምክትሉ ከጣቢያ አመጣት። አይቸኩሌ ለሦስቱም ሴቶች ያልተጠቀለለ የሱፍ ክር አደላቸው።

«ይሄን ጠቅልሉልኝ። እጅ ሥራ ሲፈታ አፍ ይበዛል። እኔ ላውራ፣ እናንተ ጠቅልሉ።»

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። አይቸኩሌ ችላ ብሎት ቀጠለ።

«ብርድ ልብሱ ስድስት ተኩል ላይ ሞታለች አለን። እኔም አመንኩት፤ ክሩን እስከምነካ ድረስ። የተሠራ ሱፍ ሲተረተር ይጥመለመላል፤ የነበረበትን ቅርጽ ቶሎ አይረሳም። ከብርድ ልብሱ ጋር የተያያዘው ድውር ላዩ ሁሉ የተተረተረ ክር ነው። የመጨረሻዋን ግማሽ ረድፍ ፈትቼ ለካሁ፤ ነፍሷን ይማርና ይቅር ትበለኝ። ከዚያ የተጥመለመለውን ለካሁ። የሦስት ረድፍ ክር ነው።»

«ታዲያ ተሳስታ ራሷ ፈታው ይሆናላ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። እጇ አላቆመም።

«ልክ ነዎት፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። እሱን እንመጣበታለን። ዘጠና ሰባት ተኩል ላይ ሦስት ሲጨመር መቶ ተኩል። ከዘጠና ስድስት ተነስታ፣ በሰዓት አንድ ረድፍ እየሠራች፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ብንቆጥር ስንት ይሆናል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» አለ ምክትሉ። ራሱ የተናገረውን ሰምቶ ፊቱ ቀላ።

«ዘጠኝ ተኩል። ያን ሰዓት ይቺ ልጅ መድኃኒት ቤት ቆማ ስትሸጥ ሰልፍ ሙሉ ሰው አይቷታል። ሰው ገድሎ ሦስት ሰዓት የሥራ ጊዜ ማጥፋት ለሚፈልግ፣ መተርተር የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። ይሄን የሚያደርገው የረድፉን ቁጥር የሚያውቅና ስድስት ተኩል ላይ ምስክር ያለው ሰው ነው። ሁለት ናችሁ።»

ታናሽ እህት ቀና አለች። ልብስ ሰፊዋ ግን መጠቅለሏን ቀጠለች።

«አስተማሪዋ ክር የምትጠቀልለው ወረቀት ላይ ነበር፤ ልል አድርጋ፣ ጫፉን ከመሃል እያወጣች። ቅርጫቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደዚያ ናቸው። የተተረተረውን ራሷ ብትጠቀልለው እንደ ልማዷ ባደረገችው ነበር። ይሄ ግን በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መሃል እየተሻገረ፣ ተወጥሮ ነው የተጠቀለለው። ጫፉ ሦስት ጊዜ ተዙሮ ታስሯል። የሰው አጠቃለል እንደ አካሄዱ ነው፤ ራሱ አያውቀውም።»

ሁሉም ወደ እጆቹ አዩ። የልጅቷ ክር ተወሳስቦ የወፍ ጎጆ መስሏል። ታናሽ እህት ድውሯን በመዳፏ እያዞረች ክብ አድርጋዋለች። የልብስ ሰፊዋ ክር በአውራ ጣቷና በትንሿ ጣቷ መሃል ተወጥሮ ተሻግሯል። ሰፊዎች ትርፍ ክር የሚይዙት እንደዚያ ነው።

ያን ጊዜ እጇ ቆመ። ክሩን ከጣቷ አውልቃ እንደ ታናሽ እህት በመዳፏ ልታዞረው ሞከረች። ድውሩ ተንከባሎ ወደቀ።

«ያን ሰዓት ሱቅዎ ተቆልፎ እንደነበር ጫማ ጠጋኙ ነግሮኛል» አላት አይቸኩሌ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

«ሃያ ዓመት!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሃያ ዓመት ከሥሯ አልጠፋሁም። ስትታመም አስታመምኳት፣ ተማሪ አመጣሁላት። እኔ ነኝ ወራሿ! እቺ» ጣቷን ወደ ታናሽ እህት ቀሰረች «እቺ አኩርፋ ተቀመጠች እንጂ ምን አደረገችላት? ስሙን ለእሷ! ሄጄ ለመንኳት። ‹እትዬ፣ ተይው፣ አትናገሪ፤ የእሷን ካልሽ የእኔ ሃያ ዓመት ምን ሊባል ነው?› አልኳት። ከሥራዋ ቀና እንኳ አላለችም። ‹ዕዳ ነው፣ ልከፍለው ነው› አለችኝና ረድፏን ቀጠለች። ትራሱ አጠገቤ ነበር።»

«ከዚያ እኔ ላይ ልትጥይው!» አለች ልጅቷ።

ልብስ ሰፊዋ የወደቀውን ድውር ጎንበስ ብላ አነሳች።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለ አይቸኩሌ። «ተርትረው ክሩን ወለል ላይ ትተውት ቢሆን ኖሮ የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለምን ጠቀለሉት?»

ሴትየዋ የእውነት ግራ ገብቷት አየችው።

«እንዴ! ክር ወለል ላይ ይተዋል እንዴ?»

ምክትሉ ክንዷን ይዞ አወጣት።

ለበዓሉ አዳራሹ ሞላ። የአስተማሪዋ ብርድ ልብስ ዘጠና ሰባተኛው ረድፍ ላይ እንደቆመ ተሰቀለ፤ ማንም ሊጨርሰው አልደፈረም። ልጅቷ መድረክ ላይ ወጣች። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

«አክስቴ ዛሬ እዚህ ቆማ የምትናገረው ነገር ነበራት። ዕዳዋ ነው፣ እኔ ልክፈልላት። በዚህ ከተማ በየአልጋው የተነጠፈውን ይሄን የአበባ ንድፍ ያወጣችው እሷ አይደለችም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እናቷን እያስታመመች ያወጣችው ታናሽ እህቷ ናት። ይቺው እዚህ የተቀመጠችው። ከዛሬ ጀምሮ ንድፉ ላይ የእሷ ስም ይጻፍ።»

አንዲት ሴት ከኋላ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ታናሽ እህት ተነሳች። ከፊቷ ያለውን ወንበር ያዘች። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች።

«የአበባውን ቀለም ግን እትዬ ናት የመረጠችው» አለች። «እሱንም ጻፉላት።»