ከሠላሳ አሥራ ዘጠኝ

ሀኒያ ተጠባባቂ ዲን በሆነች በአራተኛው ወር የምታገባውን ሰው በደለችው። ሳታውቅ አይደለም። አውቃ፣ እስክሪብቶ ጨብጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የበደለችው። ከሠላሳ አሥራ ዘጠኝ ሰጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከወልድያው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ ሐቢብ የብረታ ብረት አሠልጣኝ ነው። ሀኒያ እስከ መስከረም ድረስ የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ነበረች። የቀድሞው ዲን ተዛውሮ ሲሄድ ወንበሩን የሚፈልግ ጠፋ። ስብሰባው ብዙ፣ ሪፖርቱ ብዙ፣ ምስጋናው የለም። እሷ ወጣት ናት፣ ዲግሪ አላት፣ ሥራ ሲጓተት ማየት አትወድም። «ሌላ እስኪገኝ ብቻ ነው» አሏት። እስካሁን የተገኘ የለም።

ከሐቢብ ጋር የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከደሴ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ሐቢብ ለወርክሾፑ ሞርሳ ገዝቶ፣ ያንን ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ከባድ መሣሪያ በጆንያ ጠቅልሎ እግሩ ሥር አስቀምጦታል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ሞርሳው ተንሸራቶ የሀኒያ ጫማ ላይ ዐረፈ።

«እህቴ፣ ነካሽ እንዴ?»

«አልነካኝም። ተቀመጠብኝ እንጂ።»

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እግሯን አሟታል። ሐይቅ ወርደው ግን ሁለቱም ወደ አንድ ግቢ ገቡ። ለእሷ የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግን ጩኸት የለውም። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያሉ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ ሲበላሽባቸው ኮሌጁ ሁለቱን ይልካቸው ጀመር። እሱ ይጠግናል፣ እሷ ሪፖርቱን ትጽፋለች። ሐቢብ ሲሠራ አይናገርም። ጠይቃ መልስ መጠበቅ የማትወደው ሀኒያ እዚያ ሣር ላይ ተቀምጣ ዝም ማለትን ለመደች። አንድ ቀን ቀና ብሎ አያት። መፍቻ ፈልጎ መስሏት አነሳችለት። መፍቻውን ተቀበለ፤ ማየቱን ግን አልተወም። በዓመቱ ከአምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ካለው መንደሩ፣ ሽማግሌዎች መጡ። አባቷ እሺ አሉ። ኒካሁ ለዒድ ማግስት ተቆረጠ።

ዲን ስትሆን ታዲያ ወሬው አብሯት ወንበሩ ላይ ወጣ። ለብረታ ብረት ክፍል የብየዳ ዕቃ ሲገዛ፣ ለባሏ ነው ተባለ። የአውቶ መካኒኩ ሀምዱ፣ ያ አፉ የማያርፍ፣ ከእንግዲህ አቤቱታ ያለው በሐቢብ በኩል ያስገባ ብሎ ሠራተኛውን አሳቀ። ቀልድ ነበር። ሀኒያ ግን ቀልዱን እንደ ክስ ተቀበለችው። የቅዳሜን ፈረቃ በሙሉ ሐቢብ ላይ ጫነችው። እናቱ ታመው ውጫሌ ሊሄድ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ሌላው በሦስት ቀን የሚያገኘውን በዘጠኝ ቀን ፈረመችለት። እሱ ምንም አላለም፤ እሷም ዝምታውን መስማማት አድርጋ ቆጠረችው።

ታኅሣሥ ላይ ከዞን ደብዳቤ መጣ። ከመስከረም ጀምሮ ለሁለት ዓመት አንድ አሠልጣኝ ደረጃውን እንዲያሻሽል አዲስ አበባ ይላካል። ኮሚቴው ከሰባ፣ ዲኗ ከሠላሳ ነጥብ ይሰጣሉ። ኮሚቴው ለሐቢብ ስልሳ አራት፣ ለኮምፒውተር አሠልጣኙ ለእንዳለ ስልሳ ሰጠ። ወረቀቱ ሀኒያ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የሀምዱ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ለእንዳለ ሃያ አምስት ጻፈች፤ ለሐቢብ አሥራ ዘጠኝ። እንዳለ በሁለት ነጥብ በለጠ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ማንም ስለ አድልዎ አላወራም። ሀኒያ እፎይታ ጠብቃ ነበር። የመጣላት ግን ድካም ነው፤ እግሯን ጎትታ የምትሄድበት ዓይነት ድካም።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ አያሌው ቢሮዋ መጡ። የእንጨት ሥራ ክፍል አንጋፋና የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ስድስት ዲን አሳልፈዋል። ተቀመጡ ብትላቸውም አልተቀመጡም። ከስድስቱ ውስጥ ዘመድ የጠቀመ ዲን እንዳዩ፣ ተማሪ የረሳ ዲንም እንዳዩ ነገሯት። የራሱን ስም ለማጠብ ኮሌጁን ውሃ ያደረገ ግን የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

«ልጄ፣ የሰው አፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አንቺ ቆመሽ ነው የምትውይው» አሏትና ወጡ።

ያን ዕለት ከሰዓት ወርክሾፑ ገባች። ሠልጣኞቹ ወጥተዋል። ሐቢብ ወለሉን እየጠረገ ነበር። መጥረጊያውን አላስቀመጠም።

«ኒካሁ ይቆይ ብዬ ለአባቴ መልእክት ልኬያለሁ» አላት፣ ሳትጠይቀው።

«ለዚህ ነጥብ ብለህ?»

«ነጥቡ የእኔ ብቻ ቢሆን ወላሂ እተወው ነበር። የእንዳለ ክፍል ደረጃ አራት የሚያሠለጥን ሰው አለው። የእኔ ክፍል የለውም። እኔ ካልተማርኩ ደረጃ አራት እዚህ አይከፈትም፤ ልጆቹ ኮምቦልቻ ይሄዳሉ፤ አቅም የሌለው ደግሞ ይቀራል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«የማታውቂኝ ሰው ብሆን ስንት ትሰጭኝ ነበር?»

«ሃያ ስምንት።»

«ሁለቱን ደግሞ ለምን ቀነስሽ?»

«ሪፖርት በጊዜው አታስገባም።»

ሊስቅ ነበር፤ ተወው። ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል።

«እኔን የሚያስፈራኝ ቤታችን ነው፣ ሀኒያ። ነገ ከእናትሽ ጋር ባልስማማ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እኔን ትቀጫለሽ። ከነገ ወዲያ ልጃችንን። ለወደድሽው ሁሉ ጅራፍ ከያዝሽ፣ እንዴት አንድ ቤት እንገባለን?»

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ ሳይወጣ፣ ለዞን የሚላክ የማብራሪያ ደብዳቤ መሰላት። ዘጋችው። እሱም አልጠበቃትም፤ መጥረጉን ቀጠለ።

ዝርዝሩ ወደ ዞን የሚሄደው ዓርብ ነው። ሐሙስ ጠዋት እንዳለን ብቻውን ጠርታ ነጥቡ እንደሚሰረዝ ነገረችው። ቀላል አልነበረም። ልጁ ለእናቱ ሳይቀር አብስሯል፤ አሁን እኔ ምን ልባል ነው አላት። ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠችው። ወረቀቱን ተቀበለ፤ ሰላም ሳይላት ሄደ።

ከሰዓት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ጸሐፊዋ እትዬ መስኡዳ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ መዝገቡን ገለጡ። ሀኒያ መግቢያ አላበዛችም።

«ለሐቢብ አሥራ ዘጠኝ የሰጠሁት ሥራው አሥራ ዘጠኝ ሆኖ አይደለም። እናንተን ፈርቼ ነው። የፈራሁትን እኔ መሸከም ሲገባኝ እሱንና የብረታ ብረት ልጆችን አሸከምኳቸው። እንዳለንም ያልሆነ ተስፋ ሰጠሁት። አሁን ተነስቼ ሃያ ስምንት ብል ሌላ ጥፋት ነው። ስለዚህ ለሁለቱም የሰጠሁት ተሰርዟል፤ ለዞኑም ጽፌያለሁ። ኮሚቴው ያለ እኔ ይወስን።»

የኮሚቴው ነጥብ ስልሳ አራትና ስልሳ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ያለ እሷ መወሰን ማለት ማን ይሄዳል ማለት እንደሆነ ገብቷቸዋል። ነገ ባሏን ላከችው እንደሚሉ እሷም ገብቷታል። አንዱ ከኋላ፣ ይሄውላችሁ፣ አላልኩም? አለ። ሀኒያ ሰማችው፤ አልዞረችም። ዞኑ ከወንበሩ ሊያነሳት እንደሚችልም ታውቃለች። ያንን ለመፍራት የሚሆን ጉልበት እንኳ አልቀራትም።

ሀምዱ እጁን አወጣ።

«ዲናችን፣ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልን። ሐቢብ እጮኛሽ ነው ወይስ ነበር? እትዬ መስኡዳ ምን ብለው ይጻፉ?»

ሰው ሳቀ። ሀኒያም የእናንተ ጉዳይ አይደለም ልትል ትችል ነበር።

«በእኔ በኩል ነው» አለች። «በእሱ በኩል ያለውን እኔም አላውቅም። እሱን ጠይቁት።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ ሐቢብ ዞሩ። ጥግ ላይ፣ ብረት ያጠቆራቸው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሀኒያን ሳይሆን መሬቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ የአርዲቦውን ያህል ረጅም፣ ግን እንደ አርዲቦው የዋህ ያልሆነ አስተያየት።

«ነኝ ብለው ይጻፉ» አላቸው እትዬ መስኡዳን። «ቀኑ ግን ገና ነው። እንነጋገራለን።»

እትዬ መስኡዳ የምር መጻፍ ጀመሩ።

ሀኒያ ፋይሉን ጋሽ አያሌው ፊት አስቀመጠች። ኮሚቴው ሲወስን እዚህ መሆን የለብኝም አለች። በመቀመጫዎቹ መካከል ማንንም ሳታይ አለፈች፣ ወጣች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።