ከከበሮው ጀርባ የቀረው ቦርሳ

ሲምቦ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከወደብ ወደ አገር ቤት ዕቃ ያመላልሳል። ሲምቦ ሰንበት ትምህርት ቤት ቀርታ አታውቅም። መዝሙር ቶሎ ትይዛለች፤ ለታናናሾቿም ታስጠናለች። ብቻ ሰው ሁሉ እሷን እንዲያይ ትወድ ነበር። እናንተስ ልጆች፣ አትወዱም? እኔማ ልጅ ሳለሁ እወድ ነበር!

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ዕቃ ለማሰናዳት ተሰበሰቡ። በማግስቱ በታንኳ ሊሄዱ ነው። ከከተማው ዳር ካለው ከባልባላ ሰፈር አልፈው፣ ሰው ከማይኖርበት የባሕር ዳርቻ ተነሥተው፣ እየቀዘፉ ወደ አንድ ጸጥ ያለ ቦታ ሄደው እዚያ ሊያድሩ ነው። በዚያ ሱቅ የለም፤ ሐኪም የለም፤ ስልክም አይሠራም።

መምህራቸው ጋሽ ጀንበሬ ውሃ የማያስገባ ትልቅ ከረጢት ለሲምቦ ሰጧት።

"ይቺ ያንቺ ኃላፊነት ናት" አሏት። "ድስቱ፣ ክብሪቱ፣ ገመዱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ነጩ የመድኃኒት ቦርሳ። አንዱም እንዳይቀር። እዚያ ከደረስን በኋላ 'ረሳሁት' ማለት አይጠቅመንም።"

"እሺ ጋሼ!" አለች ሲምቦ። ልቧ በኩራት ሞላ።

ሁሉንም አንድ በአንድ ከተተች። ከዚያ ከቤት ደብቃ ያመጣችውን ነገር አወጣች። አባቷ የገዛላት ቀይ ስፒከር ነበር። "መዝሙር እንሰማበታለን፤ መዝሙር ደግሞ ጥሩ ነው" አለች ለራሷ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ሁሉ "የሲምቦ ስፒከር! የሲምቦ ስፒከር!" እንዲሉላት ፈልጋ ነው።

ስፒከሩ አልገባ አለ። ገፋችው፤ አልገባም። ብርድ ልብሱን አጥፋ እንደገና ሞከረች፤ አሁንም አልገባም። ነጩን ቦርሳ አውጥታ ከፈተችው። ፋሻ፣ ፕላስተርና አንድ ጠርሙስ አዮዲን አየች። የጎን ኪሱን አልከፈተችም።

"ማን ይቆስላል?" አለች። "ለአንድ ቀን ነው።"

ቦርሳውን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከከበሮው ጀርባ ደበቀችው። ስፒከሩ ልክክ ብሎ ገባ።

ጋሽ ጀንበሬ መጡ። "ሁሉም ገባ?"

"ሁሉም ገብቷል ጋሼ።"

"ጎበዝ!" አሏት። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ "ጎበዝ" መባሉ አላስደሰታትም።

አርብ ማለዳ ነቢል በሚኒባሱ ወሰዳቸው። ነቢል ቀልደኛ ሾፌር ነው፤ "ያላ፣ እንሂድ፣ የባሕር አንበሶች!" እያለ ያስቃቸዋል። ከሲምቦ አጠገብ የተቀመጠው የሁሉም ታናሽ የሆነው የስምንት ዓመቱ ይዲድያ ነበር። ዳቦ ይበላል፤ ያወራል፤ ደግሞ ይበላል።

"እናቴ እንዳልሄድ ከልክላኝ ነበር እኮ" አላት።

"ለምን?"

"አስም አለብኝ። አቧራ ሲነሣ ደረቴ ይዘጋል። ግን መድኃኒቴን ለጋሽ ጀንበሬ ሰጠቻቸው። እኔ ዕቃ ስለምጥል ነጩ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ስለዚህ ፈቀደችልኝ!"

ሲምቦ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሚኒባሱ ባልባላን እያለፈ ነው። በመስኮቱ ቆርቆሮ ቤቶችና ውሃ የተሸከሙ ሴቶች ይታያሉ። ሲምቦ ግን ምንም አላየችም። "ዛሬ ላይታመም ይችላል" አለ አንድ ሐሳብ። "ዝም በይ። ከተናገርሽ ሁሉም ይጠሉሻል።" ይዲድያን አየችው። የዳቦ ፍርፋሪ አገጩ ላይ ተጣብቋል። ፈገግ አለላት።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ሲምቦ በልቧ ጸለየች። ጸሎቷ አጭር ነበር። "ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ" አለች። ከዚያ ብድግ አለች።

"ነቢል! አቁም! እባክህ አቁም!"

መኪናው ዳር ያዘ። ሁሉም ዞሮ አያት። እንዲህ እንዲያዩዋት አልነበረም የፈለገችው።

"ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ" አለች። እንባዋ ወረደ። "ነጩ ቦርሳ የለም። ስፒከሬን ለማስገባት ብዬ አወጣሁት። ከከበሮው ጀርባ ነው ያለው።"

 ጋሽ ጀንበሬ ይዲድያን አዩና በረዥሙ ተነፈሱ።

"ነቢል፣ እንመለስ" አሉ።

"ባሕሩ ጸጥ የሚለው ጠዋት ብቻ ነው እኮ ጋሼ!" አለ ባንቴ። ከሁሉም ትልቁ እሱ ነው። "ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ካሰብንበት ሳንደርስ ልንቀር ነው።"

"እንቀራለን" አሉ ጋሽ ጀንበሬ። "ያለ ቦርሳው ግን አንሄድም።"

ተመለሱ። ሲምቦ ራሷ ሮጣ ቦርሳውን አወጣች፤ ስፒከሩን በቦርሳው ቦታ ተወችው። ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ግን ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ብቻ ቀዝፈው ቅርብ ካለች አሸዋማ ቦታ ወረዱ። ባንቴ ቀኑን ሙሉ አላናገራትም። ሲምቦም የሚገባኝን ነው ያገኘሁት ብላ ዋጠችው።

ከሰዓት በኋላ ድንኳን ሲተክሉ ነፋሱ ተነሣ። አሸዋና አቧራ አንድ ላይ መጣ። ይዲድያ የድንኳኑን ገመድ ይዞ ሳለ ድንገት ለቀቀው። ቁጭ አለ። ደረቱ እንደ ፉጨት ጮኸ። ከንፈሩ ነጣ።

"ቦርሳውን!" አሉ ጋሽ ጀንበሬ።

ቦርሳው ቀድሞውኑ በሲምቦ እጅ ነበር። ጋሽ ጀንበሬ በአፍ የምትሳበውን ትንሿን ሰማያዊ መድኃኒት ከቦርሳው ኪስ አውጥተው ይዲድያ አፍ ላይ አደረጉ። አንዴ ሳበ። ቆይቶ ደግሞ ሳበ። ልጆቹ ከበውት ቆሙ። ማንም አልተነፈሰም ብል ይቀላል። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ከንፈሩ ቀላ።

"ዳቦው አልቋል እንዴ?" አለ ይዲድያ በቀጭን ድምፅ።

አቤት፣ እንዴት እንደሳቁ! ጋሽ ጀንበሬ እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። ባንቴ ሲምቦ አጠገብ መጥቶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

"እንኳን ተመለስን" አላት። ሲምቦ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ይሄኛው እንባ ግን ሸክም የሚያቀል እንባ ነበር።

ቅዳሜ ሲመለሱ እናቶች የሰንበት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቋቸው ነበር። ሲምቦ ማንም ሳይልካት ወደ ይዲድያ እናት ሄደች።

"እትዬ ትግስት፣ ልነግርዎት የሚገባ ነገር አለ" አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። "ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ ትግስት ደነገጡ። ልጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡት፤ እስትንፋሱን አዳመጡ። ከዚያ በሌላኛው እጃቸው ሲምቦንም ሳቧት።

"ያጠፋሽውን በጊዜ ተናገርሽ፤ ልጄም ተረፈልኝ" አሉ። "እግዜር ይቅር ይበልሽ። እኔም ይቅር ብዬሻለሁ። ግን የኔ ልጅ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።"

"አይለምደኝም" አለች ሲምቦ። ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት የነካ አይመስላትም ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ማንም ሰው ሊያጠፋ ይችላል፤ ጥፋቱን ሳይደብቅ ቶሎ የሚናገር ግን ራሱንም ወንድሙንም ያድናል።