ባዶ ደጅ ላይ ጋሪ አይቆምም

ሐሙስ ጠዋት ጋሪው ገና ከታች ሰፈር ሳይነሳ ፋንታሁን የአጥሩን በር አራቴ ከፍቶ ዘግቷል።

«አንተ ልጅ፣ ጉንዳን ገባብህ እንዴ?» አለችው አክስቱ አልጣሽ።

እውነቷን ነው። ከደሃና ወደ ሰቆጣ የመጣው ለሁለት ቀን ነበር። ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ሳውዲ። ደላላው «ዛሬ፣ ነገ» ሲል ወር አለፈ። በዚህ መሀል ዘመናይን አያት።

ዘመናይ የጋሪዋ ልጅ ናት። ማህበራቸው በየሐሙሱ ከየደጁ ቅጠልና ሳር ሰብስቦ ከከተማው ዳር አበስብሶ ኮምፖስት ማዳበሪያ ያደርገዋል። ደጁ ላይ ጆንያ ካለ ትቆማለች፣ ከሌለ ታልፋለች።

ጣጣው ይሄ ነው። አልጣሽ ግቢ ያለችው አንዲት ጌሾ ብቻ ናት፤ እሷም በሁለት ሐሙስ ተላጨች። ስለዚህ ፋንታሁን በየሳምንቱ ከወንዙ ማዶ የረገፈ የባህር ዛፍ ቅጠል እየጠረገ ጆንያ ይሞላል፣ ከላይ ሳር ጣል ያደርግበታል።

ጋሪው ቆመ።

«ዛሬም ሙሉ?» አለች ዘመናይ። «ይችን ጌሾ ምን እያበላችኋት ነው?»

«አንችን ስታይ ነው የምታቆጠቁጠው።»

ሳቋን በሻሿ ጫፍ ከለለችው። ተያዩ። አህያዋ እስኪሰለቻት ድረስ። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

«ከዚህ በኋላ ላልመጣ እችላለሁ። የማዳበሪያው ክምር አልሞቅ አለ።»

«እንዴት?»

«መሀሉ ላይ እንጨት እንሰካለን። በሳምንቱ ሲነቀል ከሞቀ እየበሰበሰ ነው። የኛው ሦስቴም በረዶ! የሆነ ሰው ባህር ዛፍ እየቀላቀለብን ነው። እሱ ራሱም አይበሰብስ፣ ሌላውንም አያስበሰብስ። የሚመጣው ሐሙስ ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ያያሉ፤ ካልሞቀ ሥራው ይዘጋል።»

የፋንታሁን ስልክ ጮኸ። አብሮት የሚሄደው ጓደኛው የሻምበል ነው፣ ከወልድያ። «ተሳካ! እሁድ እዚህ ግባ!» ድምፁ ጋሪው ድረስ ይሰማል።

«መልካም መንገድ» አለች ዘመናይ፣ አህያዋንም ነካ አደረገቻት።

መታጠፊያው ላይ ሮጦ ደረሰባት።

«እኔ ነኝ!»

«ምኑ?»

«ባህር ዛፉ። ባዶ ደጅ ላይ አትቆሚማ! እንድትቆሚ ብዬ ነው።»

አፍጥጣ አየችው። ልትጮህበት ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ሳቋ አመለጣት።

«አይ ጅል! ‹ቁሚ› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ያን ቀን እስከ ማታ ሁለቱም ክምሩን አፍርሰው ባህር ዛፉን ለቀሙ። እርጥብ ሳር፣ ፍግ፣ አመድ፣ ውሃ እየደረቡ እንደገና ከመሩት። እንጨቱን ፋንታሁን ሰካው።

«ሳምንት ሳይሞላው አይነቀልም» አለች። እሁድን ሁለቱም አላነሱትም።

እሁድ የወልድያው መኪና ሞተር አስነሳ። ፋንታሁን በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ እጁን አሸተተ። ሦስቴ ታጥቦም ፍግ ፍግ ይላል።

«ረዳት፣ አውርደኝ!»

«ገና ከመናኸሪያው አልወጣን እኮ ወንድሜ!»

«አውርደኝ አልኩህ!»

የሻምበል ደወለ። «አበድክ?»

«የሰካሁት እንጨት አለ» አለና ዘጋው። እንዴት ብሎ ያስረዳው!

እስከ ሐሙስ ግን እንቅልፍ የለም። ባይሞቅስ? መንገዱንም እሷንም ቢያጣስ?

ሐሙስ ጋሪው በአልጣሽ ደጅ መጣ። ዘመናይ ሄዷል ብላ አንገቷን ደፍታለች። ጆንያ የለም። ጆንያው በሚቀመጥበት ቦታ ፋንታሁን ቁጭ ብሏል።

«ቁሚ» አላት።

ቆመች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን ጆንያ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።

ክምሩ ጋ ሲደርሱ የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ አቶ ገብረ ሊባኖስ ቀድመዋል። ፋንታሁን እንጨቱን ነቀለና በዘመናይ መዳፍ ላይ አስቀመጠው፤ እሱም ከላይ ያዘው።

«እህ ልጆች፣ ሞቋል?» አሉ ሰውዬው።

ሁለቱ እጃቸውን እንጨቱ ላይ እንዳደረጉ ተያዩ።

«ኧረ ሞቋል ወይ እያልኩ ነው!»

«ሞቋል፣ እርስዎም ይንኩት» አለች ዘመናይ። እንጨቱን ግን አልሰጠቻቸውም።