ግዙፉ ሲመርቅ

ግዙፉ ዱላውን ከራሱ በላይ አነሳ። በረዶው ከጥዱ ላይ ረገፈ፣ ተራራው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያ ቤት የሚያህል ፍጡር አፉን ከፍቶ በወፍራም ድምፅ «እደጉ፣ ተመንደጉ!» አለ።

ጊል ሆዱን ይዞ አልጋው ላይ ተገለበጠ። የኦሸራት የክፍል ጓደኛ ነው፤ ለዚህ የኮምፒውተር ጌም ሲል ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሺምሾን ሰፈር ድረስ፣ እነሱ ቤት ይመጣል። ገና ሣቁ ሳያባራ ገርበብ ካለው በር ማዶ፣ ከሳሎን፣ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ረጋ ብሎ መለሰ።

«አሜን።»

ጊል ቀና አለና በዕብራይስጥ «አያትሽ ለጭራቁ አሜን አለው?» ብሎ እንደገና ተንከተከተ።

ኦሸራት አብራው ለመሣቅ ሞከረች፤ ሣቁ አልመጣላትም። ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ጋለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው ለካ እውነት ነው። አያቷ አባባ ታፈረ ሶፋቸው ላይ ሆነው አሜን ያሉት ለገዛ ራሳቸው ምርቃት ነበር። የግዙፉ ድምፅ የእሳቸው ድምፅ ነው፤ እሳቸው ግን ይህን አያውቁም።

አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ሦስተኛው ልጅ፣ ሰማኝ፣ አልሣቀም። እሱም ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል ነው፤ ከጎንደር ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬ ጊል ነው ጎትቶ ያመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦሸራት በሞድ የተካነች ልጅ ናት። ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር ነው፤ አንዱ ዝናቡን ያሳምራል፣ አንዱ አዲስ መንደር ይተክላል። መጀመሪያ የጫነችው የጸጉር ሞድ ነበር። ጌሙ ለጀግናዋ ካቀረበላት ሃያ ዓይነት ጸጉር አንዱም የእሷን ስለማይመስል ፈልጋ ፈልጋ ሹሩባ አገኘች። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! አሁን አርባ ሦስት ደርሳለች። ሕጉንም አሳምራ ታውቃለች። መግለጫውን ሳታነቢ አትንኪ፣ የቱ ከየቱ ቀድሞ እንደሚገባ እወቂ፣ አንድ በአንድ ጭነሽ ሞክሪ፣ ከሁሉም በላይ ዋናውን ፋይል ሳታስቀምጪ ምንም አትቀይሪ። ሁለት ሞዶች ከተጣሉ ጌሙ ቀጥ ይላል፤ ያኔ የክፍሉ ልጆች አስታራቂ ፍለጋ ወደ እሷ ይሮጣሉ።

ታዲያ ከወር በፊት ጊል ግዙፎቹ ማጓራት ብቻ ማወቃቸው ሰለቸኝ አላት። የሆነ የሚያስፈራ፣ የጥንት፣ ማንም የማይገባው ቋንቋ ቢናገሩ አሪፍ ነበር አለ። ኦሸራት ብዙም አላሰበችበት። አባባ ትዝ አሏት።

ዓቮዳት ሾራሺም አለብኝ አለቻቸው። ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ሥር መሠረት የሚሠሩት የትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ እሷ ከሠራችው ሁለት ዓመት አልፎታል። አባባ ይህን በምን ያውቃሉ? ስንት ልጅ ነው የሚሰማኝ ብለው ብቻ ጠየቁ። ሠላሳ አለቻቸው። እንግዲያውስ ቆዪኝ ብለው ተነሡ። አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ የበዓል ኮታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፤ ለስልክ መቅጃ እኮ ነው! ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሠላሳ የማያውቋቸውን ልጆች መረቁ።

እሷ ግማሹ አልገባትም። በአማርኛ ሲጠይቋት በዕብራይስጥ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ብዪ፣ ነይ፣ ተኚ ትሰማለች፤ ከዚያ ያለፈው ለእሷ ዜማ ነው። ድምፃቸውን አወፈረችው፣ አዘገየችው፣ እንደ ዋሻ እንዲያስተጋባ አደረገችው። ወደ መጨረሻው ስሟን ጠርተው ነበር። ማንም እንዳያውቅባት ስሟን ቆርጣ ጣለችና የቀረውን ግዙፉ ሲሞት እንዲናገረው ሰጠችው። ተጫዋቾች ሞድ የሚለዋወጡበት ገጽ ላይ «የጥንት ግዙፎች ልሳን» ብላ አወጣችው። ስድስት መቶ ሰው አወረደው። አንዱ ከሥሩ «የሰይጣን ቋንቋ ይመስላል፣ ያስፈራል» ብሎ ጻፈ። ኦሸራት ለዚያ ሰው ቀይ ልብ ላከችለት።

በማግስቱ አባባ ልጆቹ አሜን አሉ ወይ ብለው ጠየቋት። «ኬን፣ ኩላም» አለች፣ አዎ፣ ሁሉም ማለቷ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ራሳቸው አባባ ናቸው፤ የእሷን ወለምታ ግን አላወቁባትም፤ አመኗት። ሚግዳል ገበያ ላገኙት ሰው ሁሉ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት መረቅኩ እያሉ ሲያወሩ ሰነበቱ።

ጊል የግዙፉን ጉልበት በሰይፍ መታው። ግዙፉ ተንበረከከ፣ የመጨረሻ ቃሉን ተናገረ፣ በቁመቱ ተዘረጋ።

ሰማኝ እስቲ መልሰው አለ። ጊል መለሰው። ግዙፉ እንደገና ተንበረከከ፣ እንደገና ሞተ።

«ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» ሰማኝ በአማርኛ ጠየቃት።

አላውቅም አለች።

«‹አፏን በቋንቋችን ይፍታልኝ› ነው ያለው። የሆነች ልጅ አለች። ቋንቋችንን ተናግራ ልስማት እያለ እግዚአብሔርን ይለምንላታል። ድምፁ የአያትሽ ነው አይደል?»

ኦሸራት ዓይኗን የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ተከለች። የሆነችዋ ልጅ ስም የት እንደገባ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጊል ምንድን ነው የምታወሩት እያለ ተቁነጠነጠ። ሰማኝ ቦርሳውን አነሳና በተሰባበረ ዕብራይስጥ ይህ ነገር ስሙ ማን ነው አለው። ሞድ ነዋ፣ አለ ጊል።

«ጎንደር ሰፈራችን ‹ሞድ መያዝ› ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለ ሰማኝ። «በሰው ላይ ማሾፍ።»

ሲወጣ ሳሎን ውስጥ ጎንበስ ብሎ አባባን ተሰናበታቸው። አባባ የማን ልጅ ነህ ብለው ጠይቀው መረቁት፤ እሱም በየቃሉ አሜን አለ። ኦሸራት ከክፍሏ ሆና ሰማች። ትንሽ ቆይቶ ጊልም፣ ሞዱ ምርጥ ነው፣ አትስሚው ብሏት ሄደ።

ማጥፋቱ ቀላል ነበር። ገጹን ከፈተች፣ አንዴ ተጫነች፣ «የጥንት ግዙፎች ልሳን» የሚለው ጠፋ። ግን ስድስት መቶ ሰው ቤት አባባ አሁንም እየመረቁ ይገደላሉ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ሳሎን ያለው ውሸት ደግሞ በመጫን የሚጠፋ አይደለም። ዝም ብትልስ? እናቷ ከሥራ የምትመለሰው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው፣ ሰማኝ ወሬኛ አይደለም፣ ጊል ነገ ይረሳዋል። ማንም አያውቅባትም። አባባም በሠላሳው አሜን እንደተደሰቱ ይኖራሉ።

የአባባ ስም ታፈረ ነው፣ ተከበረ ማለት ነው። ከወር በፊት እሷ በእሳቸው አፍራ ስሟን ቆረጠች። ዛሬ ያፈረችው በራሷ ነው፤ ይህኛው ሐፍረት ደግሞ የሚቆረጥ ቦታ የለውም።

ላፕቶፑን አቅፋ ሳሎን ገባች። አባባ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ነበር።

«አባባ፣ አንተ… እርስዎ…» ብላ በአማርኛ ጀመረች።

ፍሬውን ሳህኑ ላይ መልሰው ቀና አሉ። ከዚህች ልጅ አፍ አማርኛ መስማት ለእሳቸው ትልቅ ወሬ ነው። የሚቀጥለው ቃል ግን ጠፋባት፤ ላፕቶፑን ጉልበታቸው አጠገብ አስቀምጣ ጌሙን ከፈተችው። ግዙፉ ዱላውን አነሳ።

«እደጉ፣ ተመንደጉ!»

«አሜን» አሉ አባባ፣ እንደ ልማዳቸው። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው አፉ ሲንቀሳቀስ አዩት። «ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«ልጆቹስ? ሠላሳዎቹ?»

«አልሰሙም። ዋሸሁህ… ዋሸሁዎት፣ አባባ።»

ስክሪኑ ውስጥ የመንደሩ ወታደሮች ግዙፉን ከበው በጦር ይወጉት ጀመር። እሱ ከያዘው ምርቃት ላይ ቃል አላጎደለም። አባባ እስኪወድቅ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«እየመረቃቸው ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ለምን ይገድሉታል?»

ልትመልስ አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። አባባ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ባርኔጣቸውን አንሥተው በረንዳ ወጡና ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

ኦሸራት ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ፋይሎቿን መፈለግ ያዘች። ዋናውን አይጥሉም፤ ሕጉ ነው። እዚያው ነበር፣ ያልወፈረ፣ ያልዘገየ፣ ያልተቆረጠ። የአባባ የገዛ ድምፃቸው ቀጭንና ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ነው። በስንት ቃል አንዱን እየለየች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፦ «…ኦሸራቴን ይጠብቅልኝ፣ አፏን በቋንቋችን ይፍታልኝ።» ከነስሟ ወደ ስልኳ ገለበጠችው። ለሰማኝ፣ ያልገባኝን ነገ ከክፍል በፊት ታስረዳኛለህ ወይ ብላ ጻፈችለት። አሜኑን ግን ማንም ማስረዳት አይኖርበትም፤ በዕብራይስጥም አሜን አሜን ነው።

ቀጥሎ ለክፍል መምህሯ ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ ትሰጪኛለሽ ወይ ብላ ላከች። ለምን ጉዳይ ነው የሚል መልስ መጣ።

ኦሸራት ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። በረንዳው ላይ አባባ አሁንም እንደ ቆሙ ናቸው።

«አያቴ ክፍላችንን መርቀው ነበር» ብላ ላከች። «ያላደረስኩት እኔ ነኝ።»